ስለ ውሃ ብክለት የጌም ደረጃ እንቆቅልሽ አነዳደፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኮምቦልቻ ተቀምጠን ስለ ቦርከና ወንዝ የሚያወራ ጌም እየሠራን ነው፤ ሥራውን ያዩ የደሴም የከሚሴም ልጆች ደጋግመው የጠየቁንን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከየት ልጀምር?

ኮምፒውተሩን ዝጉና ወንዝ ውረዱ። እኛ ደብተር ይዘን አንድ ጠዋት ድልድይ ሥር ተቀመጥንና ያየነውን ብቻ ጻፍን፦ ምንጣፍ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች፣ ባጃጁን እስከ ጎማው ውሃ ውስጥ አስገብቶ የሚያጥብ ልጅ፣ ከግንቡ ሥር የወጣ ቱቦ፣ ከቱቦው በታች ነጭ አረፋ፣ ከአረፋው ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብላ የምትጠጣ ላም፣ ከላሟ አጠገብ ጀሪካን የሚሞላ ሌላ ልጅ። የደረጃው ካርታ የወጣው ከዚያች አንድ ገጽ ነው። ቤት ቁጭ ብለን ያሰብነው "የመርዝ ጭራቅ" ግን የትም አልደረሰም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ተጫዋቹ ይህን ሲፈታ ቀድሞ የማያውቀው ምን ነገር ይገባዋል? "አረፋው ያለበት ቦታና ጉዳቱ የሚታይበት ቦታ ይለያያል" ብላችሁ ከጻፋችሁ እንቆቅልሽ አላችሁ። "ውሃ መበከል መጥፎ ነው" ብላችሁ ከሆነ በእጃችሁ ያለው መፈክር ነው፤ እሱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቀላል።

ተጫዋቹ ፕላስቲክ ቢለቅም እንቆቅልሽ አይሆንም?

አይሆንም፣ ዘመቻ ነው። ሃምሳ ሃይላንድ አንድ በአንድ ማንሳት ጣት ያደክማል እንጂ አያሳስብም። አንድ መረብ ብቻ ሰጥታችሁት "የት ትዘረጋዋለህ?" ስትሉት ግን ማሰብ ይጀምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ጎርፉ የሚጨርሰው በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። መረቡን ጠባቡ ቦይ ላይ ከዘረጋው ሞልቶ ይበጠሳል፣ ሰፊው ላይ ከዘረጋው ግማሹ ቆሻሻ በጎን ያልፋል። ከዝናቡ በፊት አንዴ ብቻ እንዲዘረጋ ፍቀዱለት።

በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ? አማርኛውስ ሳጥን ሳጥን እየሆነ አስቸገረኝ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ጎዶት ይበቃችኋል። በነጻ ይወርዳል፣ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ሳጥኑ የሚመጣው የመረጣችሁት ፎንት የእኛን ፊደል ስለማይዝ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን (ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ) ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብታችሁ ዋና ፎንት አድርጓቸው። መጠኑን ከለመዳችሁት ጨመር አድርጉት። "ጨ" እና "ጬ" ርካሽ ስልክ ላይ በትንሹ ሲጻፉ መንታ ናቸው፤ የእንቆቅልሹ መልስ በእንዲህ ያለች አንዲት ፊደል ላይ እንዳይንጠለጠል ተጠንቀቁ።

ስንት ዓይነት በካይ ላስገባ?

ሦስት። ከዚያ በላይ ከሆነ ተጫዋቹ መዝገብ ቤት የገባ ይመስለዋል። ሦስቱ ግን ጠባያቸው የተለያየ መሆን አለበት። ጀርም አይታይም፣ ሲፈላ ይሞታል፣ ክሎሪንም ይገድለዋል። ከሽንት ቤት፣ ከቄራና ከማሳ የሚመጣው የሚበሰብስ ነገርና ማዳበሪያ ዓሣ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በመርዝነቱ አይደለም፤ የውሃውን ኦክስጅን በማስበላት ነው። ሦስተኛው ብረት ነው፦ ለምሳሌ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም። ብረትን ብታፈሉት አይጠፋም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ ጭራሽ ይጠነክራል።

ይህን ለማሳየት አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት እንስራ አስቀመጥን። አንደኛው ድፍርስ ነው፣ ጀርም አለበት። ሁለተኛው ከፋብሪካ ቱቦ በታች የተቀዳ፣ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ለተጫዋቹ የተሰጠው ምድጃ፣ ውሃ አጋር (ክሎሪን) እና አንድ እፍኝ የሽፈራው ፍሬ ነው። የሞከረው ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የጠራውን ለሕፃኗ ያጠጣል። ድፍርሱ እንደምንም ይስተካከላል፦ ሽፈራውን ወቅጦ ጨምሮ ጭቃውን ያዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ቀድቶ ያፈላዋል። የጠራው ግን በሦስቱም አይድንም። መልሱ እንስራውን አስቀምጦ ጀሪካን አንሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ መሄድ ነው፤ በሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍት ነበር። "ይህን ዕቃ አትጠቀም" የሚለው መልስ ለልጆች በጣም ይከብዳል፤ ጌም ሲጫወቱ የተሰጣቸውን ዕቃ ሁሉ መጠቀም ለምደዋላ።

የማጣሪያ ቅደም ተከተል እንቆቅልሽ ለምን ይሰለቻል?

ብዙ ጊዜ እንደ ፈተና ወረቀት ስለሚሠራ ነው። የእኛም የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር፦ ወንፊት፣ ማዝቀጫ ገንዳ፣ አየር የሚነፋበት ገንዳ፣ ክሎሪን፤ አራት ካርድ፣ አራት ቦታ፣ ከተሳሳተ ቀይ ኤክስ። አራት ካርድ የሚደረደርበት መንገድ 24 ብቻ ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ማጣሪያ አንዲት ቃል ሳታነብ እየቀያየረች በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው፤ "ምን ገባሽ?" ስላት "አራተኛው ሰማያዊው ካርድ ነው" አለች።

ቀዩን ኤክስ አወጣነውና ስህተቱ እንዲሠራ ፈቀድንለት። ክሎሪኑን ከፊት ያስቀመጠ ሰው ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ሲያልቅና ጀርሙ በሰላም ሲያልፍ ያያል። ክሎሪኑን ከአየሩ ገንዳ በፊት ያስገባ ደግሞ ቆሻሻውን የሚበሉለትን ባክቴሪያዎች በገዛ እጁ ይገድልና ገንዳው ይገማል። ወንፊቱን የረሳ ፓምፑ በፌስታል ይታነቅበታል። እያንዳንዱ ሙከራ የጌሙን አንድ ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑም ከታች ያለው ሰፈር ውሃ ይቀዳል። አሁን መገመት ዋጋ አለው።

እንቆቅልሹ ከባድ እንዲሆን ምን ልደብቅ?

ምንም። ገበጣን አስቡት፦ ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ የተደበቀ ነገር የለም፣ ሆኖም አዋቂ ሰው ያስቸግራል። የሚከብደው ይህን ጉድጓድ ባነሳ ከሦስት ዙር በኋላ ምን ይመጣል የሚለው ነው። ወንዝም እንዲሁ ነው። ካርታውን፣ ቱቦዎቹን፣ የፍሰቱን አቅጣጫ ሁሉ አሳዩ። ከድንጋይ ኋላ ቁልፍ ደብቆ "ፈልግ" ማለት ከብክለት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ተጫዋቹ ሲጣበቅ ፍንጭ እንዴት ልስጠው?

መልሱን አያቶቻችን ሠርተውታል። "እንቆቅልህ" ትላለች አያት፤ "ምን አውቅልህ" ይላሉ ልጆቹ፤ ሲያቅታቸው "አገር ስጡኝ" ትላለች። አገር ሳይሰጥ መልስ የለም። እኛም ቁልፏን "አገር ስጠኝ" ብለን ሰየምናት። ፍንጭ የፈለገ ተጫዋች ከካርታው አንድ ቦታ ይሰጣል፤ የሰጠው ቦታ ደረጃው እስኪያልቅ ግራጫ ሆኖ ይቆያል፣ የዚያ ቦታ ሰዎችም ውሃ ፍለጋ ሌላ ጋ ሲሄዱ ይታያሉ። አንድ ልጅ ሐርቡንም ከሚሴንም ሳያቅማማ ሰጠ። ባቲ ላይ ሲደርስ ግን እናቱ የባቲ ሰው ናትና አሻፈረኝ ብሎ እንቆቅልሹን ራሱ ፈታው።

የፍንጮቹ ቅደም ተከተል ይኑረው፦ የመጀመሪያው ወዴት እንደሚያይ፣ ሁለተኛው ምን ሕግ እንዳለ፣ ሦስተኛው መልሱን። መልሱን ጨርሶ መከልከል ክፋት ነው፤ አያትም ብትሆን አገሩን ከወሰደች በኋላ ትናገራለች።

የብክለቱን ምንጭ የማፈላለግ እንቆቅልሽ እንዴት ልሥራ?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የሚለው ተረት ሙሉ ደረጃ ይወጣዋል። በወንዙ ላይ 16 የመቅጃ ቦታ አድርጉና ለተጫዋቹ አራት ጠርሙስ ብቻ ስጡት። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚቀዳ ሰው አራተኛው ላይ ያልቅበታል። መሀል ላይ የቀዳ ግን ያሸንፋል፦ መሀሉ ንጹህ ከሆነ ምንጩ ከታች ነው፣ ከተበከለ ከላይ ነው፤ 16 ወደ 8፣ 8 ወደ 4፣ 4 ወደ 2፣ ከዚያ አንድ። ማንም ሳያስተምራቸው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ይደርሱበታል፤ ሲደርሱበት ፊታቸውን ማየት ነው።

ይህን ሲለምዱት ሕጉን ስበሩባቸው። ዘዴው የሚሠራው ምንጩ አንድ ሲሆንና ሳያቋርጥ ሲፈስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ቱቦው የሚከፈተው ሌሊት ነው። ቀን የተቀዳው ጠርሙስ ሁሉ ንጹህ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ግን ላሞቹ ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ። ተጫዋቹ ሌላ ጠርሙስ ይለምናል፤ የሚያስፈልገው ግን ሰዓት ነው። ከመንደሩ ሰዎች አንዷ፣ ሌሊት ተነሥታ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ የምታደርግ እናት፣ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሸት ታውቃለች። ቀርቦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ነው። ሰላምታውን ዘሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ተጫዋች ግማሽ መልስ ብቻ እንዲያገኝ አድርገናል፤ ወሎ ነዋ።

ክረምትና በጋን ማስገባት አስፈላጊ ነው?

አስፈላጊ ብቻ ሳይሆን በጣም ርካሹ የማታለያ መንገድ ነው። አዲስ ካርታ ሳትስሉ ያንኑ እንቆቅልሽ እንደ አዲስ ያስፈታል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የወንዙ ፍሰት በወንዙ የብክለት መጠን ይባዛል፣ የቱቦው ፍሰት በቱቦው የብክለት መጠን ይባዛል፣ ሁለቱ ተደምረው ለጠቅላላው ፍሰት ይካፈላሉ። ለጌሙ በመረጥነው ቁጥር፣ በበጋ ወንዙ በሰከንድ 90 ሊትር ይዞ ብክለቱ 1 ነው፤ ቱቦው 10 ሊትር ይዞ ብክለቱ 50 ነው። ሲቀላቀሉ 5.9 ይሆናል፣ መለኪያው ቀይ ይሆናል። በክረምት ወንዙ 900 ሊትር ሲሆን ያው ቱቦ፣ ያው ቆሻሻ፣ 1.5 ገደማ ብቻ ያሳያል። መለኪያው አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። ተጫዋቹ ሐምሌ ላይ "ተስተካከለ" ብሎ ሪፖርቱን ያስገባል፤ ጥቅምት ላይ ሁሉም ነገር ይመለስበታል። ደቡብ ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው ያንኑ ወጥመድ በመጋቢት አንድ ጊዜ ደግማችሁ ማጥመድ ትችላላችሁ። በክረምት ግን ሌላው ነገር ይገለበጣል፦ ጎርፉ ከማሳ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከየሰፈሩም የሽንት ቤት ፍሳሽ ይዞ ስለሚወርድ ጀርሙና ድፍርሱ ይጨምራል። አንዱ በካይ ሲቀንስ ሌላው ሲጨምር ያየ ተጫዋች "ዝናብ ያጥበዋል" ማለቱን ያቆማል።

የእውነተኛ ፋብሪካ ስም ልጥቀስ?

አትጥቀሱ። አንደኛ፣ ጌማችሁ የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም፤ በግምት ሰው መክሰስ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ክፉ ሰው ካለ እንቆቅልሹ ይሞታል፤ ልጁ ገና ጭስ ማውጫውን ሲያይ "እሱ ነው" ይላል። በእኛ ደረጃ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፋብሪካ ነው፣ እውነትም የራሱ ድርሻ አለበት፤ አብዛኛው ጀርም የሚመጣው ግን ከተማው ራሱ ከሚለቀው ፍሳሽ ነው፤ የተጫዋቹ የራሱ ቤት ቱቦም እዚያ ውስጥ አለ።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው ሕጉን ተጠቀሙ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ወደ እንቆቅልሽ መለወጥ ቀላል ነው፦ ቀን የሚቆጥር ሰሌዳ፣ በተለያየ ወቅት የተቀዱ ጠርሙሶች፣ ሰዓታቸው የተጻፈባቸው። ሰዓትና ቦታ ያልጻፈ ሰው ማስረጃው ይወድቅበታል።

ዓሣ የሚሞትበትን እንቆቅልሽ ሠርቼ ነበር፤ ሳይንስ የሚያውቅ ሰው "ቦታው ተሳስቷል" አለኝ። ለምን?

ምናልባት ዓሣውን ቱቦው አፍ ላይ ገድላችሁት ይሆናል። የሚበሰብስ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅኑ እዚያው አያልቅም። ባክቴሪያዎቹ እየበሉ፣ ውሃው እየተጓዘ፣ ኦክስጅኑ ቀስ በቀስ ይወርድና ከቱቦው ራቅ ብሎ ከታች ዝቅተኛው መጠን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ከአየር እየሳበ እንደገና ይወጣል። ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተሙት ስሌት ይህንን ነው፤ ጌም ውስጥ ለመክተት አሥር መስመር ኮድ አይፈጅም። ለእንቆቅልሽ ደግሞ የተባረከ ነው፦ ሬሳው ያለበት ቦታ ንጹህ ይመስላል፣ ገዳዩ ሩቅ ላይ ነው።

የሐይቅ ደረጃ ካላችሁ የባሰ አለ። ሐይቅ (ሐይቅ የሚባል ሐይቅ እንዳለ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ራሱ እንቆቅልሽ ነው) በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ከገባ መሄጃ ያጣል። በጌሙ ሐይቅ ላይ ማዳበሪያው አልጌ ያበቅላል፣ ተጫዋቹ እኩለ ቀን ላይ ኦክስጅን ይለካል፣ ሞልቷል። ጠዋት ቆሮሶ ዓሣው ሁሉ ተንሳፍፏል። እንደገና እኩለ ቀን ላይ ይለካል፣ አሁንም ሞልቷል። አልጌው ፀሐይ ሳለ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል፣ የሞተውም ሲበሰብስ ይበላል፤ ዝቅተኛው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ፦ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወደ 7 ይወርዳል። የፈረንጅ ጌም ላይ ያያችሁትን ቁጥር ገልብጣችሁ ካስገባችሁ ዓሣችሁ መሞት ሲገባው ይኖራል።

መለኪያ ሳላሳይ ብክለቱን በድምፅ መግለጽ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ የእኛ ሰው ደግሞ ይህን ለመስማት ጆሮው የተዘጋጀ ነው። ባቲም አምባሰልም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ ቅኝቶቹ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። አምስቱን ለአምስት መለኪያ አከፋፈልናቸው፦ ለኦክስጅን፣ ለድፍርስነት፣ ለአሲድነት፣ ለጀርም፣ ለብረት። አንዱ ሲበላሽ ያ ድምፅ ከዜማው ይጎድላል። መስማት ለተሳነው ተጫዋች ያንኑ በክራር ክር ምስል ማሳየት አትርሱ። ማስጠንቀቂያ፦ ብረቱን ለመነሻው ድምፅ ሰጥተነው ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ዜማው ጠቅላላ ስለሚፈርስ ሁሉም ሰው ወዲያው ይደርስበታል። በኋላ ብዙም ወደማይሰማው ድምፅ አዛወርነው።

መጨረሻ ላይ ወንዙ ጸድቶ ዓሣው ተመልሶ ይለቅ?

የእኛ የመጀመሪያ መጨረሻ እንደዚያ ነበር። ቱቦው ይዘጋል፣ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ዓሣ ይዘላል። ዕድሜዋን ሙሉ ወንዝ ዳር ልብስ ያጠበች አክስቴ ስልኬን ተቀብላ አየችውና "ልጄ፣ ጭቃውስ?" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ልክ ናት። ብረት ወንዙ ሥር ካለው ዝቃጭ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቱቦ ስለተዘጋ አይጠፋም፣ ጎርፍ ሲመጣ ተነሥቶ ይጓዛል። ወደ ባሕር ሄዶ ተገላገልን የሚባልም ነገር የለም፦ ቦርከና በጨፋ ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በበጋ ከብታቸውን ይዘው ጨፋ የሚወርዱ አርብቶ አደሮች ከዚሁ ውሃ ያጠጣሉ። ስለዚህ መጨረሻውን ቀየርነው። ውሃው ይጠራል፣ አምስቱም ድምፅ ይመለሳሉ፣ "አበቃ" የሚል ጽሑፍ ግን አይወጣም፤ ተጫዋቹ እንደፈለገ ይንቀሳቀሳል። በደስታ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሲሮጥ ጭቃው ይነሣል፣ ከዜማው ያ ብዙም የማይሰማው ድምፅ ይጎድላል። እስካሁን ሁለት ልጆች ጌሙ ተበላሽቷል ብለው ደውለውልናል።